የዘመመው መንኰራኵር

«ምነው በዚያ ዘመን በኖርን!» የጥንቱን የመኪና እሽቅድምድም ፎቶግራፍ ያዩ ጓደኞቼ ዘወትር የሚሉት ይህን ነው። እኔም ምኞታቸው ይገባኛል፤ ፈረንሳዊው ዣክ አንሪ ላርቲግ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያነሣውን ፎቶግራፍ እጅግ እወደዋለሁና።

በዚህ ፎቶግራፍ የመኪናው መንኰራኵር እንደ እንቁላል ሞልሎ ወደ ፊት ያዘነበለ ሲሆን፥ በመንገድ ዳር የቆሙት ተመልካቾች ግን ወደ ኋላ ዘመው ይታያሉ። ምክንያቱም የካሜራው መጋረጃ ብርሃንን የሚያስገባው በቀጭን ክፍተት ነበር፤ ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር አልፎ እስኪጨርስ መኪናው ወደ ፊት ይገሠግሣል። ተመልካቾቹን ያዘመማቸው ደግሞ አንሺው መኪናውን ለመከተል ካሜራውን ማዞሩ ነው። እንዲህ በመሆኑ የመሣሪያው ጉድለት ፍጥነትን ለዓይን አሳየ።

ነገር ግን ፎቶግራፉን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ ከመንኰራኵሩ ይልቅ በተመልካቾቹ ላይ ያርፋል። በ1955 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር፥ በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር፥ የአንድ መኪና ስብርባሪ በተመልካቾች ላይ ወርዶ ከ80 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ውድድሩ ግን እስከ ፍጻሜው ቀጠለ። ስዊዘርላንድ ከዚህ በኋላ በአገርዋ የዙር እሽቅድምድምን ከለከለች።

እንግዲህ ወዳጆቼ፥ ያለፈውን ዘመን መናፈቅ ነውር አይደለም። ሆኖም የሮጠውን ስናደንቅ፥ በመንገድ ዳር የቆመውንም ሰው እናስበው።