አይጥ የምትፈራው ኢማኗ ደክሞ ነው እንዴ?



ከመካከላችን አንዱ "ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል፣ ሰው የበዛበት ቦታ መግባት ይከብደኛል" ሲል መልሱ ብዙ ጊዜ ዝግጁ ነው፦ "ኢማንህ ደክሞ ነው፤ ቁርኣን ቅራ!" ቁርኣን ልብን እንደሚያረጋጋ አንጠራጠርም። የሚከብደን የአባባሉ መጀመሪያ ነው። ሱብሒን በጀመዓ የሚሰግድ፣ ዚክሩን የማይተው ልጅ ፍርሃቱ አልለቀው ሲል፣ በጭንቀቱ ላይ "አላህ ጠልቶኝ ይሆን?" የሚል ሌላ ጭንቀት ይጨመርበታል።

እስቲ ዛሬ ስለ አይጥ እናውራ። አትሳቁ! አይጥ በራሷ መንገድ ፈጣሪዋን ታወድሳለች እንጂ ሶላት አልተጻፈባትም፤ ወንጀልም የለባትም። ግን ትጨነቃለች።

ተመራማሪዎች ይህንን የሚለኩት የመደመር ምልክት ቅርፅ ባለው፣ ከወለል ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ባለ መተላለፊያ ነው። ከአራቱ ክንዶች ሁለቱ ግድግዳ አላቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ገደል ላይ እንደተዘረጋ ጣውላ ግልጥ ናቸው። አይጧን መሃል ላይ አስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ደቂቃ ያዩዋታል። ፈሪዋ ግድግዳው ውስጥ ትወሸቃለች፤ ደፈር ያለችው ወደ ግልጡ ትወጣለች። ለሰው ጭንቀት የሚታዘዘው ዳያዜፓም ሲሰጣት እሷም ወደ ግልጡ መውጣት ታበዛለች።

ለብዙ ትውልድ እርስ በርሳቸው የተራቡ የቤተ ሙከራ አይጦች ዘረመላቸው እንደ መንታ አንድ ዓይነት ነው። ባልብ ሲ የሚባሉት ነጮች፣ ሲ57 ብላክ 6 ከሚባሉት ጥቁሮች ይልቅ በአብዛኛው ፈሪዎች ናቸው። ምግባቸውና ጎጇቸው አንድ ቢሆንም ልዩነቱ አይጠፋም። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሦስት ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው፣ ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር ከሚቀበሉት ዘረመሎች አንዱን ብቻ ከአይጦች አጠፉ። የሦስቱም አይጦች ይበልጥ ፈሪ ሆኑ።

"እንግዲያው በዘር የመጣ ነገር አይለወጥም" የሚል ካለ ትንሽ ይታገስ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጥቁሮቹን ጽንስ በነጭ እናት ማህፀን አስቀመጠ፤ ከተወለዱም በኋላ ያሳደገቻቸው ነጭ እናት ናት። ዘረመላቸው ምንም ሳይነካ፣ አድገው ጠባያቸው ወደ ነጮቹ አደላ። ሱብሓነላህ! ዘር አለ፣ ማህፀን አለ፣ አስተዳደግ አለ። አንዱንም አይጧ አልመረጠችም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። በዚያው ዱዓ ውስጥ የዕዳ ጫናም ተጠቅሷል። ዕዳ የከበደውን ወንድም "ኢማንህ ደክሞ ነው" የሚለው የለም፤ ዱዓ ይደረግለታል፣ መክፈያም ይፈለግለታል። በ934 እ.ኤ.አ. ያረፉት አቡ ዘይድ አልበልኺም ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታብ፣ ነፍስም እንደ አካል እንደምትታመም አስተምረዋል። ሐዘንንም ምክንያቱ የሚታወቅና የማይታወቅ ብለው ለይተውታል። ሐኪም ዘንድ መሄድ ከተወኩል ያወጣል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገርመናል።

አሁን ወደ እርጅና። አይጥ ሁለት ዓመት ሲሞላት አሮጊት ናት። አሮጊቷን መተላለፊያው ላይ ስናስቀምጣት ግድግዳው ውስጥ ብትቀር "ስታረጅ ፈሪ ሆነች" ማለት ይቀናናል። ነገር ግን ሲ57 ብላክ 6 ከዕድሜ ጋር መስማት እየተሳናት ትሄዳለች፤ ሰበቡም በዘር የመጣ ነው። ዲቢኤ 2 የሚባለው ዝርያ ደግሞ ሲያረጅ ግላኮማ ይይዘዋል። በዚያ ላይ አሮጌ እግር ብዙ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ፍርሃት ነው ከማለቱ በፊት አካሄዷን፣ ዓይኗንና ጆሮዋን ይፈትሻል።

ዒሻን ቤታቸው መስገድ የጀመሩ አባት፣ ሰርግ ሲጠሩ "እናንተ ሂዱ" የሚሉ እናት በየቤታችን አሉ። "እርጅና ፈሪ አደረጋቸው" ተብሎ ይታለፋል። ምናልባት አባታችን የመስጂዱን ደረጃ በጨለማ አያዩት ይሆናል። ምናልባት እናታችን በሰርጉ ጫጫታ መሃል የሚያዋራቸውን ሰው አይሰሙት ይሆናል። አጠገባቸው ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው፤ ዓይናቸውንም እናስመርምር። የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።