አፈራችን ወዴት ይሄዳል?

ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ ያለው ደቅ ደሴት ነው። አገር ሆኖ ደሴት የሆነም አለ። አንዷ ማዳጋስካር ናት።

ማዳጋስካር ከአፍሪካ በስተምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ትገኛለች። ስፋቷ የኢትዮጵያን ግማሽ ያህላል። ነፋሱ ከባሕር ርጥበት ይዞ ከምሥራቅ ይነሣል። ተራራው ሲያግደው ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። ስለዚህ ምሥራቁ እርጥብ፣ ምዕራቡ ደረቅ ነው።

መካከሏ ደጋማ ነው። በሬዎቻቸውም ሻኛ አላቸው። ዋና እህላቸው ሩዝ ነው። እናንተ የጤፍ ማሳ በከብት እንደምታስረግጡ፣ እነሱም ውኃ የተኛበትን የሩዝ ማሳ በበሬ ያስረግጣሉ።

የደጋው ደን ግን አብዛኛው አልቋል። ቀዩን አፈር ጎርፍ ይበላዋል። ቤትሲቦካ የሚባለው ወንዝ በዝናብ ወራት ቀልቶ ባሕር ይገባል። ባሕር የገባ አፈር አይመለስም።

ይህን ስናስተምር አንድ አባት፣ «እኛ ባሕር የለን፤ የኛስ አፈር ወዴት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ደስ አለን። ወንዞቹን መሬት ላይ በእንጨት ጭረን አብረን ተከተልናቸው።

ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከጉና ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና ይገባል። ደለሉም እዚያ ይተኛል። ከጋይንትና ከስማዳ ብዙው ውኃ በበሽሎ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። የዓባይ ደለል ዱሮ ግብፅ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ውኃ መያዝ የጀመረው የሕዳሴ ግድብ ግን ዛሬ ብዙውን ያስቀረዋል። ደለል ሲበዛ የግድቡን የውኃ ቦታ ይሻማል።

እኚያው አባት፣ «የኔ ማሳ ግን ጣና ሳይደርስ ነው ያለቀ፤ የላይኛው ጎረቤቴ ፈሰስ ቆረጠው» አሉ። ክፍሉ ዝም አለ። የላይኛው ጎረቤትም እዚያው ተቀምጠው ነበርና።

ፈሰስ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ከወረደ ውኃው ይሮጣል፤ አፈር ይዞ ይሄዳል፤ ቦረቦር ያወጣል። ጥቂት ብቻ ዘንበል ብሎ አግድም ከሄደ ውኃው ይዘገያል። እርከን ደግሞ አፈሩን ያስቀረዋል። ነገር ግን የላይኛው ሳይሠራ የታችኛው ብቻውን ቢደክም ጎርፉ ያፈርስበታል።

ሁለቱ ጎረቤቶች በማግሥቱ ማሳውን አብረው አዩ። ፈሰሱ የሚዞርበትንም ተስማሙ። እናንተስ የእናንተ ፈሰስ ማን ማሳ ላይ ይወርዳል? ክረምት ሳይገባ ሄዳችሁ እዩ፤ ከታችኛው ባለማሳ ጋርም ተመካከሩ።