«ሰርዘን አናውቅም» የምትለዋ ጀልባ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ አንድ ምሽት ልጃችን ከተኛች በኋላ፣ እኔና ባለቤቴ ሲያትል ባለው ቤታችን ላፕቶፕ ከፍተን የሦስት ጀልባዎችን ማስታወቂያ እናነባለን። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ሻይዋን እንደያዘች ከኋላችን ቆማ ስክሪኑን አየችና፣ «በዚህ ብርድ? ባሕር ውስጥ? ያውም ገንዘብ ከፍላችሁ?» አለች።

ሦስቱም ጥያቄዎች ተገቢ ነበሩ።

ስኩባ የተማርነው ለጫጉላ ሽርሽር ግብጽ፣ ሁርጋዳ ሄደን ነው። ቀይ ባሕር ደግ አስተማሪ ነው፤ ውሃው ሞቃት፣ ዓሣው በቀለም ያጌጠ። አሁን ከደጃችን ያለው ፒዩጀት ሳውንድ ግን ሌላ ነው። በክረምት (የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ሳይሆን የእነሱን ታኅሣሥና ጥር ማለቴ ነው) ውሃው ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይወርዳል። ውሃ የሰውነትን ሙቀት የሚነጥቀው ከአየር ሃያ እጥፍ በላይ ፈጥኖ ስለሆነ፣ 9 ዲግሪ አየር ላይ ሹራብ የሚያስለብስ ብርድ ሲሆን ባሕር ውስጥ ግን አደጋ ነው። ታዲያ ለምን በክረምት? በበጋ ፀሐይዋ ፕላንክተን የሚባሉትን ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ስለምታፈላ ውሃው ይደፈርሳል። በክረምት ይጠራል። ባለቤቴ ደግሞ በፓስፊክ ውቅያኖስ የሚኖረውን ግዙፉን ኦክቶፐስ በጠራ ውሃ ማየት ከፈለገ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ፎቶ እንዴት እንደሚመረጥ አውቃለሁ። የመጀመሪያዋ ጀልባ ገጽ ላይ ሰዎቹ ሁሉ በቲሸርት ናቸው። «የክረምት ጉዞ» ከሚለው ርዕስ ሥር የሐምሌ ፀሐይ! አለፍኳት። ሁለተኛዋ በትልቁ «ሰርዘን አናውቅም» ብላ ጽፋለች። ዋጋዋም ከሦስተኛዋ በ40 ዶላር ያንሳል። የሦስተኛዋ ገጽ ግን እኔ ሠርቼው ቢሆን አለቃዬ የሚመልስልኝ ዓይነት ነው፤ አንድ የደበዘዘ የጀልባ ክፍል ፎቶ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ማሞቂያ፣ ከዚያ ጉዞው የሚሰረዝባቸውን ምክንያቶች የሚዘረዝር ረጅም ጽሑፍ። ባለቤቴ ሁለተኛዋን ወደደ።

በአሜሪካ ሕግ፣ ከስድስት የማይበልጡ ከፋይ መንገደኞችን የምትጭን ትንሽ ጀልባ ፈቃድ ያለው ካፒቴን ሊኖራት ግዴታ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚጭኑት የሚሰጠውን የምርመራ ሰርተፍኬት ግን አትጠየቅም። ስለዚህ መጠየቁ በደንበኛው ላይ ይወድቃል። ስልክ አነሳሁ። ሰው ውሃ ውስጥ እያለ ጀልባዋ ላይ ማን ይቀራል? ኦክስጅን አለ? እጁ የደነዘዘ ሰው በምን ይወጣል? ከውሃ የወጣውን ሰው የምትቆጥሩት እንዴት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ የትርፍ ጊዜ ጥያቄ አይደለም። በ1998 አውስትራሊያ ውስጥ ጀልባ ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ጠላቂዎችን ባሕር ላይ ረስታ ተመልሳለች፤ መጉደላቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ አልተገኙም።

እናቴ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ሁለታችሁም አንድ ላይ አትግቡ። ይቺን ልጅ ለማን ነው የምትተዉት?»

ሳቅን። ከዚያ ተያየን። በማግስቱ ጀልባዎቹን በየተራ መግባት እንችል እንደሆነ ጠየቅሁ። ሁለተኛዋ «ፕሮግራማችን አይፈቅድም» አለች። የሦስተኛዋ ካፒቴን፣ በድምፅዋ ስድሳ ዓመት ያለፋት የምትመስል ሴት፣ «ሁለት ዙር ስለምንወርድ ባልሽ በአንደኛው፣ አንቺ በሁለተኛው ከእኔ ሠራተኛ ጋር ትገባላችሁ። ግን ነፋሱ ከበረታ አልወጣም፣ እንዳታዝኑብኝ» አለችኝ። ከፈልኩ።

ዓርብ ማታ ደውላ ሰረዘች።

ባለቤቴ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። «ሁለተኛዋ ነገ ትወጣለች እኮ!» እውነቱን ለመናገር ወጣች፤ በሰላምም ተመለሰች፤ ደስ ያላቸው ሰዎች ፎቶ ለጠፉ። እኛ ቅዳሜን ሽሮ በልተን ዋልን። ፎቶዎቹን ሳይ ግን አልተጸጸትኩም። እኔ ራሴ «ሰርዘን አናውቅም» ዓይነት ቃል ለደንበኛ ጽፌ አውቃለሁ፤ አንዴ ከተጻፈ ሠራተኛውን ሁሉ እንዴት እንደሚያስር ደግሞ አይቻለሁ። ካፒቴኑ ነፋሱን እያየ የሚያስበው ስለ ባሕሩ ብቻ አይሆንም።

በሳምንቱ ወጣን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። በዚህ ወር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ደግሞም የመግቢያውን ሰዓት የሚወስነው ባሕሩ ነው፤ የውሃው ሙላትና ጉድለት ሲቀያየር ጅረቱ ጋብ የሚልበትን ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። (ለጉብኝት የምትመጡ ካላችሁ፣ ለበርካታ ጥለቃዎች የሚመከረው ከመጨረሻው በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አውሮፕላን አለመሳፈር ነው።) የለበስነው ድራይ ሱት ይባላል፤ አንገትና እጅ አንጓ ላይ አጥብቆ ውሃ የማያስገባ፣ ከሥሩ ወፍራም ልብስ የሚለበስበት። ውስጡ አየር ስላለው የራሱን ስልጠና ይፈልጋል፤ እኛም መኸሩን በዚያ ነበር ያሳለፍነው።

ባለቤቴ ገባ። እኔ ጀልባዋ ላይ ቆሜ ከውሃው የሚወጣውን የአየር ፊኛ በዓይኔ ተከተልኩ። 38 ደቂቃ። ከእሱ ጋር አብሬ በጠለቅሁባቸው ቀናት ሁሉ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ሲወጡ ካፒቴኗ ጭንቅላት አልቆጠረችም፤ በስም እየጠራች እያንዳንዱ በድምፁ እስኪመልስ ጠበቀች።

የእኔ ተራ ሲደርስ ብርዱ መጀመሪያ ከንፈሬን ያዘ። 15 ሜትር ላይ አንድ ድንጋይ ሥር የሸርጣን ቅርፊት ተከምሯል፤ ኦክቶፐስ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚጥለው የምግብ ትርፍ ነው። አስጎብኚዬ መብራቱን ወደ ጉድጓዱ አዞረ። የታየኝ አንድ ክንድ ብቻ ነው፣ እንደ ስኒ አፍ የከበቡ ነጫጭ መምጠጫዎች የተደረደሩበት። እዚህ አገር ሰዉ ይህን እንስሳ ይወደዋል። በ2012 አንድ ጠላቂ ከአልካይ ዳርቻ አንዱን አጥምዶ ሲያወጣ ከተማው ተቆጣ፤ በ2013 ሰባት ቦታዎች ላይ ማጥመዱ ተከለከለ።

ክንዱ ተንቀሳቀሰ። ተጨማሪ እንዲወጣልኝ ጠበቅሁ። በዚህ መሃል በግራ እጄ አንጓ በኩል ውሃ ገብቶ ጣቶቼ የልብሱን የአየር ቁልፍ መለየት አቃታቸው። ገና 20 ደቂቃ ብንቆይ ነው፤ ስንት ወር የጠበቅነው ነገር ፊቴ ነው፤ «ትንሽ ልታገስ» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ። አስጎብኚው አልጠየቀም፣ አልተከራከረም፤ መብራቱን አዙሮ ቀስ ብለን ወጣን። ጀልባዋ ላይ ካፒቴኗ ስሜን ጠራች፣ መለስኩ፣ ለብ ያለ ውሃ እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ።

እቤት ስንደርስ እናቴ እጄን በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው። «ባልሽ ውስጥ እያለ አንቺ ምን ትሠሪ ነበር?»

«እቆጥር ነበር።»

«በሚቀጥለው እኔ እመጣና እቆጥራችኋለሁ።»

«ልጅቷስ?»

«እሷም ትምጣ። ሴትዮዋን ጠይቂልኝ።»

ደውዬ ጠየቅኳት። ለእናቴ ወፍራም ካፖርት ይዘው ይምጡ ብላለች። ሕፃን ግን በክረምት አትጭንም።