የሌሊት ሳል መድኃኒቱ ምላጭ አይደለም

ቀን ደህና ሲጫወት የዋለ ልጅ ሌሊት በሳል ሲጨነቅ ማየት ለእናት ከባድ ነው። በከሚሴና በአካባቢዋ ያኔ ከሚሰማው ምክር አንዱ «እንጥሉ ወርዶበት ነውና ይቆረጥለት» የሚል ነው። አንዲት ጎረቤቴ የአምስት ዓመት ልጇን ወደ ቆራጭ ልትወስድ ስትነሣ፣ «እኅቴ፣ አስቀድመን ሐኪም ይየው» ብዬ አብሬያት ሄድሁ። ሕመሙ አስም ሆኖ ተገኘ።

እንጥል መቁረጥ ሳልን አያድንም። ይልቁንም ብዙ ደም ያፈስሳል፤ ንጹሕ ባልሆነ ምላጭም ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍ ሊያስይዝም ይችላል።

ታዲያ ሳል በሌሊት ለምን ይብሳል? ጉንፋን የያዘው ሰው ሲጋደም የአፍንጫው ፈሳሽ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። አስም ደግሞ ሌሊትና ንጋት ላይ ይጠናል፤ ትንፋሹም ሲር ሲር ይላል። በአዋቂዎች ዘንድ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየወጣ የሚያስልበት ጊዜ አለ። እንዲህ ላለው ሰው እራትን ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት አስቀድሞ መብላትና ራስጌን ከፍ ማድረግ ይረዳዋል።

የማገዶና የኩበት ጭስ ሁሉንም ያባብሳል። ስለዚህ ምድጃው ከመኝታው ይራቅ፤ ቡና ሲፈላና ዕጣን ሲጨስም መስኮቱ ይከፈት።

ለጉንፋን ሳል ትኩስ መጠጥ በቂ ነው። ዓመት ለሞላው ልጅ ጥቂት ማር መስጠት ይቻላል፤ ዓመት ላልሞላው ግን ማር አደገኛ ነው። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ለማንም አይሰጥ። ትክትክን የሚከላከለው ክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ስለሚሰጥ ቀጠሮው አይለፍ።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ በተለይም የሌሊት ላብና ክሳት ከተጨመሩበት፣ አክታን ማስመርመር ይገባል፤ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም 6 ወር ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ሳሉ ቀለለኝ ብሎ ማቆም በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል።

እናቶች ሆይ፤ ልጁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው ሌሊቱ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አያቶችና ጎረቤቶችም «ይቆረጥለት» ከማለት ይልቅ «ይመርመር» ቢሉ ብዙ ሕፃናትን ከጉዳት ያድናሉ።