ምጣዱና አምፕሊፋየራችን

ዱርቤቴ ለሰርግ ስንሄድ ከኤሌክትሪክ ክራሩ ጋር የጫንነው የተዋስነውን ባለ ቲዩብ የጊታር አምፕሊፋየር ነበር። ከሰዓት ድምፁ ጥርት ብሎ ዋለ። አመሻሽ ላይ ግን ማንም ሳይነካው መጎርነን ጀመረ። ተቃጠለ ብለን ደነገጥን፤ ዕዳው የኛ ነዋ!

በመልቲሜትር ስንለካው 220 መሆን የነበረበት ቮልት 175 ላይ ቁጭ ብሏል። ለካስ ጓሮ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጥዷል። «እትዬ፣ ትንሽ ቢያጠፉልን?» ብንል «እንግዳው ክራር ሊበላ ነው?» ተባልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲዩቡ ውስጥ ፕሌት የሚባለው ብረት በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሰጠዋል። ያ ሲወርድ ሲግናሉ ከፍ ዝቅ የሚልበት ቦታ ይጠብባል። ጉልበቱ ያንሳል፣ ጌይኑም ትንሽ ይቀንሳል፤ ግን የድምፁ ጫፍ ቶሎ ስለሚቆረጥ ይሻክራል፣ ይወፍራል። ኤዲ ቫን ሄለን ይህን ፈልጎ ማርሻሉን ቫሪያክ በሚባል መሣሪያ ወደ 90 ቮልት ገደማ ያወርደው ነበር (የአሜሪካ መስመር 120 መሆኑ አይረሳ)። እኛ በነፃ አገኘነው። ክፋቱ፣ መስመሩ ሲወርድ የቲዩቡ ማሞቂያ ክርም አብሮ ይደክማል፤ የፕሌቱን ብቻ ማውረድ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ክራር መቺያችን ግን «እንዲሁ ተዉት» አለን። እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ቮልቱ ተመለሰ፣ ድምፁም ጠራ። ዞር ብሎ ተቆጣን፦ «ምን ነካካችሁት?»