ቀይና ቢጫ

ልጅ ሆኜ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ስንጓዝ ቦታዬ የታወቀ ነበር፤ ከፊት፣ በሾፌሩና በእናቴ መካከል። ላንድሮቨር ከፊት ሦስት ሰው ይይዛል። መሐል የሚቀመጠው ግን እግሩን የሚያሳርፍበት የለውም፤ ማርሾቹ ሁሉ እዚያው ናቸው። ሾፌሩ ማርሽ ሊቀይር እጁን በዘረጋ ቁጥር እናቴ ጉልበቶቼን በመዳፏ ወደ ራሷ ትሰበስባለች። ከኋላ ገበያተኛው በግራና በቀኝ አግዳሚ ላይ ተፋጦ ተቀምጧል፤ የእርጥብ ባና ሽታ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል።

የኔ ዓይን ከሁለት ነገር አይነቀልም ነበር። ከዋናው ማርሽ አጠገብ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ የአንዱ ጫፍ ቀይ፣ የሌላው ቢጫ። በክረምት ከመዘዞ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ነው። ሾፌሩ ጭቃው ሲጀምር ቢጫውን በመዳፉ ወደ ታች ይጫናል። ሲብስበት ጨርሶ ይቆምና ቀዩን ወደ ኋላ ይስባል፤ መኪናው እያጓራ፣ እንደ ጥማድ በሬ ቀስ ብሎ ዳገቱን ይወጣል። ጭቃው ሲያልፍ እንደገና ቆሞ ቀዩን ወደ ፊት ሲመልሰው፣ ቢጫው ማንም ሳይነካው ቱር ብሎ ይነሣል። አንድ ቀን ደፍሬ «ጋሼ፣ ቢጫውን ማን አነሣው?» አልኩት።

«ወንድሙ» አለኝ፣ ቀዩን እያሳየኝ።

ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግቢ ጥግ በድንጋይ ላይ የቆመ ላንድሮቨር አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 የተሠራ ሲሪስ ሦስት ነው፤ ባለ 109 ኢንች፣ ሞተሩ 2,286 ሲሲ ቤንዚን። ጎማ የለው፣ ባትሪ የለው። በሩን ከፍቼ አጎነበስኩ። ቀዩም ቢጫውም ነበሩ። ገዛሁት። ባለቤቴ የልብስ ማስጫ ገመዷን ፈትታ ቦታ ለቀቀችልን።

ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ያስተምሩኝ ጀመር። መጀመሪያ ኮፈኑን በጣታቸው አንኳኩ። አሉሚኒየም ነው፤ ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ የተነሣ ብረት በኮታ ስለነበር አካሉን በአሉሚኒየም አለበሱት። «ላዩን አይተህ እንዳትታለል ልጄ፣ ይህ መኪና የሚበላው ከሥሩ ነው» አሉና ከኋላ ሻንሲውን በካቻቢቴ ወጉት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ።

ሻንሲውን ቆርጠን በየዳን፤ ባሌስትራውን ፈታን፤ ፍሪሲዮንና ካንዴላ ፍለጋ ሶማሌ ተራን አዳረስን። ከሁሉ የማልረሳው ካምቢዮውን ያወጣንበት ቀን ነው። የወለሉን ላሜራና የወንበሩን ሣጥን ካነሣን በኋላ ሁለቱ ዘንጎች እስከ ሥራቸው ተገለጡልኝ። ቢጫው ሲጫን፣ በኋላ እግሮቹ ብቻ ይሄድ የነበረው መኪና በአራቱም ይሄዳል። ቀዩ ወደ ኋላ ሲሳብ ደግሞ አራቱንም ይዞ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛል። ቢጫውን ወደ ላይ የሚገፋው አንድ ሞላ ነው፤ ሞላው የሚለቀቀው ግን ቀዩ ሄዶ ሲመለስ ነው። ዘይት በነካው እጄ ይዤ ደጋግሜ አየሁት። ያ ሾፌር ለሕፃን ብሎ የፈጠረው ተረት አልነበረም፤ የነገረኝ እውነቱን ነው። በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ እውነት።

ከሁለት ክረምት በኋላ ሞተሩ ተነሣ። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እናቴ ነበረች። ደግፌ በቀኝ በኩል፣ በዱሮ ቦታዋ አስቀመጥኳት። ከግቢ ወጥተን መንገዱን ይዘን ስንሄድ ሁለተኛ ማርሽ ላስገባ እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ መዳፏን በመካከላችን ወዳለው ባዶ ወንበር ሰደድ አድርጋ ወደ ራሷ ሰበሰበች።