የቆሎ ዕዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በተሠራው ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል። ከዋሻው ማዶ አገሩ ከእግር በታች ይዘረጋል፤ ጉሙ ከፈቀደ ማለቴ ነው። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል።

በ1970 ዓ.ም. በዚያ ሳልፍ ወጣት መምህር ነበርሁ። ከተማይቱ በቆሎዋ የታወቀች ናትና አውቶቡሳችን ገና ከመቆሙ ሻጮች ከበቡት። አንዲት ልጅ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ በመስኮት አቀበለችኝ። ኪሴን ስዳብስ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ልጅቱ ጥቂት ሮጣ ቀረች። ዋጋው ሃያ አምስት ሳንቲም ብቻ ነበር፤ ሆኖም እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ቆሎውን ልቀምሰው አልቻልሁም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሆን ብዬ በደብረ ሲና ወርጄ አደርሁ። ጠዋት ጉሙ ከጣርማበር አፋፍ እየተንከባለለ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ከዚያም ቆሎ ወደምትሸጥ አንዲት ሴት ቀርቤ ነገሩን አጫወትኋት። ሳቀች።

«እኔስ አይደለሁም፣ ጋሼ፤ ነገር ግን እኔም ከስንቱ አውቶቡስ ኋላ ሮጫለሁ» አለችኝና፣ ቆሎውን ከመስፈሯ በፊት ገንዘቧን ተቀበለች።